እጀታው ትናንት የቀረበት ቦታ

መስከረም ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የሣር ነገር አያልቅም። ክረምት የጠጣ ሜዳ ሦስት ሳምንት ከዘገዩበት ጉልበት ይደርሳል። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ሰፊ ግቢ ትራክተር እየነዳሁ ሳለሁ ነው ይህ የገጠመኝ።

ከትራክተሯ ኋላ የሚወጣው ዘንግ፣ እኛ ፒቲኦ የምንለው፣ የሣር ማጨጃውን ያዞራል። ማጨጃው የተሠራው በደቂቃ ለ540 ዙር ነው። የእኛ ትራክተር እዚያ የምትደርስበት፣ በአንድ እጀታ የሚመረጥ ሁለት መንገድ አላት። በመደበኛው፣ ሞተሩ 2,200 ዙር ሲደርስ ዘንጉ 540 ይሆናል። በቁጠባው ደግሞ ሞተሩ 1,600 ላይ እያለ ዘንጉ ያው 540 ይዞራል። ለቀላል ሥራ ናፍጣ ይቆጥባል።

በዋዜማው ዛፎቹን መድኃኒት የረጨነው በቁጠባው ነበር። ጠዋት ማጨጃውን አሰርኩና እንደ ልማዴ ሞተሩን 2,200 አደረስኩት። እጀታውን አላየሁትም።

ድምፁ ቀጠነ። መቀመጫው ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን ዛሬ ጉልበት አላት ብዬ ደስ አለኝ። ሁለተኛውን መስመር ሳልጨርስ አንድ ጠጠር ከሥር ተፈናጥሮ የቆመ መኪና መስታወት አደቀቀ። ሰው አልነበረበትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሽ ቀደም ብሎ ሁለት ሴቶች እዚያው ቆመው ያወሩ ነበር።

የግቢው መካኒክ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ መጡ። አልተቆጡኝም። እጀታውን አይተው ወረቀት ላይ አሰሉልኝ። ዘንጉ 742 ገደማ ሲዞር ነበር።

«ልጄ፣ ዙሩ የጨመረው በሲሶ ገደማ ነው። ቢላዋውን ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል ግን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው» አሉኝ።

ኃይሉ የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነውና። ማጨጃውን ገልብጠን ስናይ የአንዱ ቢላዋ ቡሎን ላልቷል። ጉልበቴ ከዳኝ። በጠጠሩ ፈንታ ያ ብረት ወጥቶ ቢሆንስ?

ከዚያ በኋላ ፈራሁ። በመደበኛው እጀታ ሞተሩን 1,500 ላይ ይዤ ማጨድ ጀመርኩ፤ ዘንጉ 370 እንኳ አይሞላም። ሣሩ መቆረጡ ቀርቶ ተቦጨቀ፣ በሁለት ቀን ጫፉ ቢጫ ሆነ። እርጥቡ ከሥር ተጠቀጠቀ፣ ቺንጋው እየተንሸራተተ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ።

ጋሼ አሁንም መጡ። «ቀስ ማለት ከፈለግህ ማርሽ ቀንስ። የዘንጉን ዙር ተወው።»

ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይኼ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበት ያንሰዋል። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ሲገጥመው ዙሩ ይወርዳል። ያኔ ማርሽ ቀንሶ በዝግታ መሄድ ነው፤ ቢላዋው ፍጥነቱን እንደያዘ ይቆያል።

አሁን የዙር መቁጠሪያው ላይ 2,200 ቀይ፣ 1,600 አረንጓዴ ምልክት አለው። እጀታውም በሁለቱ ቦታዎች ያንኑ ቀለም ተቀብቷል። አዲስ ሹፌር ሲመጣ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት እጀታውን በእጁ እንዲነካ አደርጋለሁ። ከዚያ ጠጠሩ ከተነሣበት ቦታ መኪናው እስከቆመበት ድረስ አብረን በእግር እንለካለን። 40 እርምጃ ነው።