የቆዳ ወንበራችሁን ለመኪና ቀቢ አትስጡ

ይህን የምጽፈው አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ ስለከረምኩ ነው። መኪናዬ አሮጌ ማርቸዲስ ናት፤ በፈረንጆቹ 1984 መመረት ከጀመረው፣ 124 ከሚባለው ሞዴል። ሞተሯ ዛሬም ምንም አይወጣለትም። የፊት ወንበሮቿ ግን ነጥተው ነበር። የሹፌሩ ደግሞ ተሰነጣጥቆ በበሩ በኩል ያለው ጎኑ ተልጧል። ሁሌም ቀድሞ የሚያልቀው ያ ጎን ነው፤ ስንገባም ስንወጣም የምንፈተገው እሱ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ፀሐይም ቀላል አይደለም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለነው። ቀኑን ሙሉ ያለ ጥላ የቆመች መኪና ወንበሯ ይጠበሳል።

ከሁሉ በፊት ወንበራችሁ እውነት ቆዳ መሆኑን አጣሩ። ባለቤቱ ቆዳ ነው ብሎ የሚምልበት የብዙ የድሮ ማርቸዲስ ወንበር፣ ፋብሪካው ራሱ ያለበሰው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። የቆዳ በሚባሉትም ላይ መቀመጫውና መደገፊያው ብቻ ቆዳ ሆኖ ጀርባው ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። የተቀደደ ቦታ ካለ የውስጡን ገጽ እዩት። ቆዳ ከሆነ ቃጫማና ትንሽ ሻከር ያለ ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ከሥሩ የተሸመነ ጨርቅ ታገኛላችሁ።

ቀጥሎ ጠብታ ውኃ አድርጉበት። የመኪና ቆዳ በአብዛኛው ላዩ በቀለምና በስስ መከላከያ የተሸፈነ ነው። ውኃው ሳይሰርግ ከቆመ ሽፋኑ አለ ማለት ነው። ሰርጎ ቦታውን ካጠቆረው ሽፋኑ ሄዷል። የእኔ መሃሉ ላይ ደህና ነበር፤ ጎኑ ላይ ጠጣው።

ምክር ሞልቷል። አንዱ ሶማሌ ተራ ሂድና ያገለገለ ወንበር ፈልግ ይላል። ሌላው ልብስ አልብሰውና ተገላገል ይላል። እኔ ግን ዋናው ቆዳ ገና ጠንካራ ስለነበር ማዳን ፈለግኩ። መሃል ከተማ ውስጥ ስሙ በደህና የሚነሳ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ ሲናገሩ ልብ የሚያሳርፉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ቆዳ የሚያድስ ባለሙያ አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ አዲስ አድርጌ ነው የማስረክብህ» አሉኝ።

የሠራው ግን ባትላሜራው ክፍል በርና ኮፈኖ የሚቀባው ልጅ ነው። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ወንበሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረገው። ለዓመታት የተጠራቀመው ላብና ቅባት እዚያው ቀረ። ስንጥቁን የመኪና አካል በሚሞላበት ስቱኮ ሞላው። ከዚያ የመኪና ቀለም በቲነር አቅጥኖ ሁለቱንም የፊት ወንበሮች በኮምፕረሰር ረጫቸው።

ስረከብ ወንበሩ ያበራ ነበር። ከፈልኩ። ደረሰኝ ስል «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ ብቅ በል» አሉኝ። ነገ ስሄድም ማሽኑ አልተሠራም።

ብዙም አልቆየም። ቀትር ላይ ወንበሩ መጣበቅ ጀመረ። ስቀመጥበት ከሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማኛል፤ ስቱኮው እየተሰባበረ ነው ለካ። የመኪና አካል ቀለምና ስቱኮ የተሠሩት ለማይተጣጠፍ ብረት ነው። ቆዳ ደግሞ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ይተጣጠፋል። ሥሩ ባለው ቅባት ላይ ቀለሙ ስላልያዘ ከላዩ እንደ ቅርፊት ተነሣ። ድሮ ያልነበረ ስንጥቅ ሁሉ መጣ።

አንድ እሑድ እማዬን ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ይዣት ስመለስ ነገሩ ለየለት። ስትወርድ የነጠላዋ ጀርባ ቡኒ ሆኗል። አዲስ ነጠላ ነበር። «ነጠላውስ ይታጠባል፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ገንዘብህ ነው» አለችኝ። ታጠበ፣ ተፈተገ፤ አልለቀቀም።

ጋራዡ ተመልሼ ስሄድ እኚያው ሰውዬ ዓይኔን እያዩ «ሥራችን ምንም አይወጣለት፣ ቆዳህ አርጅቶ ነው» አሉኝ። የበር ቀለም የወንበር ቀለም አይሆንም ብዬ ብናገር የሚሰማኝ የለም። ቅሬታዬን ይዤ የሄድኩበት ቢሮ ደግሞ መጀመሪያ የጠየቀኝ ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ስለከለከሉኝ ነው የመጣሁት አልኩ። «ታዲያ በምን እናምንሃለን?» አለኝ ኃላፊው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። ደረሰኝ የማይሰጥን ሰው ለመክሰስ ደረሰኝ የሚጠይቅ አሠራር እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወንበሩን ፎቶ አንሡ፤ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚቀባም በጽሑፍ አስፈርሙ።

ከዚያ ራሴ ያዝኩት። አሜሪካ ያለችው እህቴ ስትመጣ ለቆዳ የተሠራ፣ በውኃ የሚቀጥን ቀለም፣ የሚለጠጥ መሙያና የማያበራ (ማት) የመጨረሻ ሽፋን በሻንጣዋ አመጣችልኝ። ወንበሮቹን ፈትቼ በረንዳ ላይ አወጣሁ። የጋራዡን ቀለም ቲነር በነካ ጥጥ፣ ቁራሽ በቁራሽ አነሣሁት። ይህ ሥራ ክንድ ይጨርሳል፤ ሽታውም ከባድ ስለሆነ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

የቀረው ቀላል ነው። ለብ ባለ ውኃና በሕፃን ሳሙና አረፋ፣ በለስላሳ ብሩሽ አጠብኩት፤ ውኃ አላፈሰስኩበትም፣ በስፌቱ ቀዳዳ ገብቶ ስፖንጁን ያበሰብሳል። የጭቃ ቀለም ያለው ቆሻሻ ሲወርድ ጉዳት የመሰለኝ ግማሹ እድፍ እንደነበር አየሁ። ከዚያ የቀረውን ቅባት በአልኮል ጠረግኩ፤ ከዚያ ላዩን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። የተቀደደው ቦታ ከሥሩ ቁራጭ ጨርቅ ገባለት። ለማጣበቅ ግን ሲደርቅ የሚደነድን ሱፐር ግሉ በፍጹም አትጠቀሙ። የተፈታውን ስፌት መርካቶ ቦርሳ የሚሰፋ ወጣት በጎባጣ መርፌ፣ በድሮው ቀዳዳ መለሰልኝ። እጁ የተባረከ ነው።

ቀለሙን የመረጥኩት ፀሐይ ካላገኘው የራስ መደገፊያው ጀርባ ጋር እያስተያየሁ ነው። ሲደርቅ መልኩ ስለሚለወጥ እርጥቡን አይታችሁ አትወስኑ። በስፖንጅ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። ከመጨረሻው ሽፋን በኋላ ነጭ ጨርቅ አሽቼበት ምንም አልነካውም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የቆዳ ማለስለሻ ቅባትን በተመለከተ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ጋር አልስማማም። በየጊዜው ቀቡ ይላል። ሽፋኑ ደህና በሆነ ቆዳ ላይ ቅባት አይሰርግም፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይሰበስባል። ቫዝሊንና የጫማ ቀለም የባሰ ነው፤ ልብስ ያበላሻል፣ በኋላም አዲስ ቀለም አያስይዝም። እኔ የማደርገው በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና ስትቆም መስታወቷን በካርቶን መጋረድ ብቻ ነው። የኋላው ወንበር ገና ነው። በክረምት እርጥበት መሙያው ቶሎ አይደርቅም፤ ጥቅምት ሲገባ እጀምረዋለሁ።