ስልኩን ነው የምትፈልጉት ወይስ ውስጡ ያለውን?

በስደት የሚኖር ሰው ስልክ መደወያ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የባንኩ የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ቀጠሮ፣ የሰነዶቹ ፎቶ፣ የእናት የድምፅ መልእክት ሁሉ እዚያው ነው ያለው። ስልኩ አንድ ጠዋት ሎጎ ላይ ቆሞ አልነሳ ሲል ታዲያ ብዙ ሰው ይደነግጥና ስክሪኑ ላይ የመጣለትን ምርጫ ሁሉ ይጫናል። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ያልተነሳ ስልክ ይጠገን ይሆናል፤ የተደመሰሰ ፎቶ ግን ሌላ ቦታ ቅጂ ከሌለው አይመለስም።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ የምትፈልጉት ስልኩን ነው ወይስ ውስጡ ያለውን? ሁሉም ነገር ጉግል ወይም አይክላውድ ላይ ከተቀመጠ መንገዱ አጭር ነው፤ ፎርማት አድርጎ መገላገል ይቻላል። ካልተቀመጠ ግን ምንም ከማያጠፋው ሙከራ ተነስቶ ወደሚያጠፋው በተራ መሄድ ግድ ነው። እዚህ የተጻፈው በዚያ ተራ ነው።

«አልነሳ አለ» የሚለው አባባል ብዙ በሽታ ይሸፍናል። ጭራሽ የጨለመ አለ፤ ሎጎ አሳይቶ የሚጠፋና እንደገና የሚጀምር አለ፤ ሎጎው ላይ ተገትሮ የቀረ አለ፤ በትክክል ተነስቶ ሳለ ስክሪኑ ብቻ የሞተበትም አለ። የመጨረሻውን ለመለየት ከሌላ ስልክ ደውሉለት። ከጠራ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ቻርጀር ሲሰካ ድምፅ ካሰማ፣ የሞተው ስክሪኑ ወይም የስክሪኑ ገመድ ነው፤ መረጃው ደህና ነው። ኤልሲዲ ስክሪን ባላቸው ስልኮች ላይ ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ከጎን ሲበራበት ምስሉ ደብዝዞ ከታየ፣ የጠፋው የኋላ መብራቱ ነው። ኦሌድ ስክሪን የኋላ መብራት ስለሌለው ይህ ዘዴ አይሠራበትም። ምስል በዩኤስቢ-ሲ የሚያወጡ ስልኮች ደግሞ በመቀየሪያ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝተው፣ ማውስ ተሰክቶባቸው፣ ስክሪኑ ሳይቀየር ፎቶ ሊወጣባቸው ይችላል። ሁሉም ስልክ ግን ይህ አቅም የለውም።

ጭራሽ በጨለመ ስልክ ላይ ከባትሪው በፊት ገመዱን ጠርጥሩ። ሌላ ስልክ ሲሞላ በዓይናችሁ ባያችሁት ገመድና ቻርጀር ሞክሩት፤ ከላፕቶፕ ሳይሆን ከግድግዳ ሶኬት። ገመዱ እስከ መጨረሻው ካልገባና ሲሰካ ከላላ፣ ቀዳዳው ውስጥ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቋል ማለት ነው። ስልኩን ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ በቀጭን የእንጨት ስንጥር ቀስ አድርጋችሁ አውጡት። መርፌ አታስገቡ፦ የዩኤስቢ-ሲ 24 መገናኛ ነጥቦች የተቀመጡት መሃል ላይ ባለች ስስ ምላስ ላይ ነው፤ እሷ ከተሰበረች የቻርጅ ሶኬቱ መቀየሩ ነው።

ከዚያ መታገሥ ነው። እስከ ታች የወረደ የሊቲየም ባትሪ ወዲያው ሙሉ ኃይል አይቀበልም፤ ቻርጁን የሚቆጣጠረው አይሲ (ትንሽ ቺፕ) ቮልቴጁ ከፍ እስኪል ድረስ በጠብታ ነው የሚመግበው። መሳቢያ ውስጥ የከረመ ስልክ ተሰክቶ ግማሽ ሰዓት ምንም ሳያሳይ የሚቆየው ለዚህ ነው። አንድ ሙሉ ሰዓት ስጡት። በየ5 ደቂቃው የፓወር ቁልፉን መጫን አይረዳውም፤ እያንዳንዱ ሙከራ የተጠራቀመችውን ጥቂት ኃይል መልሶ ይበላታል።

ብርድ ባለበት አገር ለምትኖሩ ደግሞ፦ አፕል ለአይፎን ያስቀመጠው የመጠቀሚያ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ በታች የባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ ስለሚጨምር፣ 30 በመቶ እያሳየ ድንገት ድርግም ሊል ይችላል። መኪና ውስጥ ያደረ ስልክ ጠዋት አልነሳ ካለ አልተበላሸም ይሆናል። የማሞቂያ ብረት ላይ አታስቀምጡት፤ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይሙቅ። ሳይሞቅ ቻርጅ ማድረግ ግን ከብርዱ የከፋ ነው፤ ከዜሮ በታች ሲሞላ ሊቲየሙ በብረት መልክ አኖዱ (የባትሪው አሉታዊ ጫፍ) ላይ ይለጠፋል፣ ያም ጉዳት አይመለስም።

ያረጀ ባትሪም በሙቀት ቦታ ያንኑ ጠባይ ያሳያል። ሲነሳ ፕሮሰሰሩ ድንገት ብዙ ኃይል ይስባል፣ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ሎጎው ታይቶ ይጠፋል። ቻርጀር ላይ ሲሆን የሚነሳ፣ ሲነቀል የሚሞት ከሆነ ተጠርጣሪው ባትሪው ነው። ጀርባው ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ግን እዚያው አቁሙ፤ አትሙሉት፣ አትጫኑት፣ አትብሱት።

ውኃ የነካው ስልክ ቻርጀር አያስፈልገውም። እርጥበት ላይ ኤሌክትሪክ ሲጨመር ነው መዳቡ የሚበላው። ሩዝ ውስጥ መቅበር ጥቅም የለውም፤ ብናኙም ሶኬቱ ውስጥ ይገባል። መፈታት፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል መጸዳት ነው ያለበት፣ ያውም በቶሎ። አብዛኞቹ አይፎኖች ሲም ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ የውኃ ምልክት አላቸው፤ ነጭ መሆን ሲገባው ከቀላ ፈሳሽ ገብቷል።

ይህ ሁሉ ካልሆነ፣ በግዳጅ ማስነሳት ይቀጥላል፤ ምንም አያጠፋም። በአይፎን 8 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ድምፅ መጨመሪያውን ተጭኖ መልቀቅ፣ ድምፅ መቀነሻውን ተጭኖ መልቀቅ፣ ከዚያ የጎኑን ቁልፍ የአፕል ምልክት እስኪመጣ ይዞ መቆየት ነው። ብዙዎች ምልክቱ ሳይመጣ ይለቁትና «አልሠራም» ይላሉ። በአይፎን 7 ድምፅ መቀነሻውንና የጎኑን ቁልፍ አንድ ላይ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ደግሞ የሆም ቁልፉንና የፓወሩን አንድ ላይ ነው። በሳምሰንግ ድምፅ መቀነሻውንና የጎን ቁልፉን ከ7 ሰከንድ በላይ ያዙ። በሌሎች አንድሮይዶች ፓወሩን ብቻ እስከ 30 ሰከንድ መያዝ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በዚህ አጋጣሚ ሽፋኑን አውልቁ፦ ሽፋን የተጫነው ወይም ተቀርቅሮ የቀረ የፓወር ቁልፍ ስልኩን ራሱ ደጋግሞ ያስነሳዋል፣ ያም የሶፍትዌር ችግር ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ፣ ሎጎ ላይ እየተመላለሰ ወደሚቀረው። ከተለመዱት መንስኤዎቹ አንዱ ማንም የማይጠረጥረው ነው፦ ማከማቻው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሲስተሙ ሲነሳ የሚጽፋቸው ፋይሎች ቦታ ያጣሉ፣ ማስነሳቱም መሃል ላይ ይቆማል። በየቀኑ ከአሥር ግሩፕ የሚመጣ ቪዲዮ ራሱ የሚወርድበት ስልክ እዚህ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ሌላው መሃል ላይ የተቋረጠ አፕዴት ነው። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ብዙ ስልኮች ሲስተሙን በሁለት ክፍል ይዘዋል፤ አዲሱ አልነሳ ሲል ወደ አሮጌው ይመለሳሉ። ስለዚህ ከአፕዴት በኋላ ጥቂት ጊዜ ቢመላለስ ቻርጀር ላይ ትታችሁት ጠብቁ።

አንድሮይድ ላይ ስልኩ ራሱ ሁለት ምርጫ ይዞ ይመጣል፦ «ትራይ አጌን» እና «ፋክተሪ ዳታ ሪሴት»። የመጀመሪያው እንደገና ሞክር ነው፤ ሁለተኛው ሁሉንም ደምስስ ነው። የድምፅ ቁልፉ መምረጫ፣ ፓወሩ ማጽደቂያ መሆኑን ሳያውቁ ሲነካኩ ደምስሱን ያጸደቁ ጥቂት አይደሉም። ሎጎውን አልፎ መምጣት ከቻለ በሴፍ ሞድ (የጫናችኋቸው አፖች ሳይሠሩ) አስነሱት፤ በብዙዎቹ ሎጎው ሲመጣ ድምፅ መቀነሻውን ይዞ መቆየት ነው። በዚያ ከተነሳ ጥፋቱ ከተጫነ አፕ ነው፤ መጨረሻ ላይ የጫናችሁትን አጥፉ። ካልሆነ ወደ ሪከቨሪ፣ ሲስተሙ ሳይነሳ ወደሚመጣው የጥገና ማውጫ፣ ግቡ። በሳምሰንግ ስልኩ ጠፍቶ ፓወርና ድምፅ መጨመሪያ ነው፤ አዳዲሶቹ ላይ ግን ስልኩ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ካልተገናኘ ቁልፎቹ አይሠሩም። እዚያ «ዋይፕ ካሽ ፓርቲሽን» ካለ እሱ የሚያጠፋው ጊዜያዊ ፋይሎችን ነው፣ ፎቶ አይነካም። «ዋይፕ ዳታ» የሚለውን ለመጨረሻ ተዉት።

አይፎን ላይ ያለው ዕድል የተሻለ ነው። ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ያንኑ የሦስት ቁልፍ ቅደም ተከተል ድገሙ፤ ግን የአፕል ምልክት ሲመጣ አትልቀቁ፣ የገመድና የኮምፒውተር ሥዕል እስኪመጣ ያዙ። ኮምፒውተሩ «አፕዴት» እና «ሪስቶር» ብሎ ይጠይቃል። አፕዴት ሲስተሙን እንደገና ይጭናል፣ መረጃችሁን ለመተው ይሞክራል፤ ሪስቶር ሁሉን ይደመስሳል። ዳውንሎዱ ከ15 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ስልኩ ከሪከቨሪ ይወጣል፤ ዳውንሎዱ እስኪያልቅ ጠብቆ ቁልፎቹን እንደገና መጫን ነው። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ በሆነበት የጋራ መኖሪያ ይህ ሦስት ጊዜ ቢደጋገም አትደንግጡ፣ አትሰልቹም።

አንድ ለየት ያለ ምልክት አለ። አይፎኑ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ግን በየ3 ደቂቃው ገደማ ራሱን ያጠፋል። ይህ ብዙ ጊዜ ከጥገና በኋላ የሚመጣ ነው፤ ሲስተሙ አንድ የሙቀት ሴንሰር አጥቶ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቻርጅ ሶኬቱ ወይም የፓወር ቁልፉ ፍሌክስ (ስስ የውስጥ ገመድ) ላይ ነው። በሴቲንግ ውስጥ ያለው የአናሊቲክስ ዳታ «ፓኒክ ፉል» በሚል የሚጀምር ፋይል ይይዛል፤ የጠፋው ሴንሰር ስም እዚያ ይገኛል። ያንን ፎቶ አንስታችሁ ለጠጋኙ አሳዩት።

ፎርማት ማድረግ ግድ ከሆነ፣ ከመጫናችሁ በፊት የአካውንቱን ኢሜይልና ፓስወርድ በእጃችሁ አድርጉ። አንድሮይድ ከ5.1 ጀምሮ፣ አይፎን ከ2013 ጀምሮ በአይኦኤስ 7፣ ከተደመሰሱ በኋላ የቀድሞውን አካውንት ይጠይቃሉ። ስደተኛ የሚጠመደው እዚህ ላይ ነው፦ የአካውንቱ መመለሻ ቁጥር አገር ቤት የቀረ፣ የተዘጋ ሲም ነው፤ ወይም ኮዱ የሚላከው ወደዚያው ወደሞተው ስልክ ነው። ስለዚህ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ሲሙን አውጥታችሁ ሌላ ስልክ ላይ አድርጉ። የሲም ፒን ከጠየቀ አትገምቱ፤ 3 ጊዜ ሲሳሳት ይቆለፋል፣ 8 አሃዝ ያለው ፒዩኬ ኮድ ይጠይቃል፣ እሱም 10 ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ለዘላለም ሞቷል። ኢሲም (ስልኩ ውስጥ የተሠራ ሲም) ከሆነ አይወጣም፤ የስልክ ድርጅቱ ወደ ሌላ ስልክ እንዲያዛውርላችሁ ጠይቁ። ቴሌግራም መልእክቱን ሰርቨር ላይ ስለሚያስቀምጥ በቁጥሩ ስትገቡ ይመለሳል፤ ሲክሬት ቻት ግን አይመለስም። ኮምፒውተር ላይ የተገናኘ ዋትስአፕ ካላችሁ ዋናው ስልክ ሞቶም ይሠራል፣ ግን ከ14 ቀን በላይ አይቆይም።

ወደ ጠጋኝ ስትሄዱ በማታውቁት ቋንቋም ቢሆን መጀመሪያ የምትሉት ዓረፍተ ነገር ይህ ይሁን፦ «አይነሳም፤ ውስጡ ያለውን እፈልገዋለሁ፤ እንዳይደመሰስ።» በወረቀት ጽፋችሁ ብትሰጡት ይሻላል፤ ብዙ ቤቶች ሳይጠይቁ ፍላሽ ማድረግ (ደምስሶ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን) ልማዳቸው ነው። ደግሞም ቦርዱ፣ የስልኩ ዋና ሰሌዳ፣ እንዳይቀየር። የዛሬ ስልኮች ማከማቻ በምስጢር የተቆለፈ ነው፣ ቁልፉም ከዚያው ቦርድ ፕሮሰሰር ጋር የታሰረ ነው፤ የማከማቻ ቺፑን ነቅሎ ሌላ ቦታ ማንበብ አይቻልም። መረጃው የሚወጣው ያው ቦርድ ሲነሳና ፒኑ ሲገባ ብቻ ነው። ቦርድ የሚያውቅ ጠጋኝ ከመፍረዱ በፊት በፓወር ሰፕላይ ይለካዋል፦ ፓወር ቁልፉ ሳይነካ ኃይል የሚስብ ከሆነ ዋናው መስመር ላይ ሾርት አለ፤ መንስኤው ደግሞ አንዲት የተቃጠለች ካፓሲተር (ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ክፍል) ልትሆን ትችላለች። ሳይከፍት «ቦርዱ ሞቷል» የሚልን ሰው አመስግናችሁ ውጡ።

ስልኩ ሲነሳ አሻራ አልቀበል ቢል፣ ደዋዩ በስም ሳይሆን በቁጥር ቢመጣ፣ ያ ብልሽት አይደለም፤ ፒኑ አንድ ጊዜ እስኪገባ ድረስ መረጃው ገና አልተፈታም። አስገቡት፣ ቻርጀሩ ላይ ተዉት፣ አፕዴትም ሪስታርትም ሳታደርጉ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ማውጣት ጀምሩ። በሽታው ካልታወቀ ያ መነሳት ሁለተኛ ላይደገም ይችላል።