የዋንዛው ጥላ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ እኔም አላውቀውም። ከሥራ ስመለስ አዌቱ ድልድይ ጋ ከባጃጅ ወረድኩና በእግሬ አዘገምኩ። ማታ የጣለው ዝናብ ወንዙን አደፍርሶታል። አንዲት ነጭ ወፍ ድንጋይ ላይ በአንድ እግሯ ቆማ ውሃውን ታያለች። ስልኬን አውጥቼ አነሳኋት።

ቤት ገብቼ ልያት ስል ጣቴ አልፏት ሄደና ያለፈው ሳምንት የቡና አበባ ላይ አረፈ።

የጓሯችን ቡና ዘንድሮ ጉድ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በሳምንቱ ገደማ፣ አንድ ማለዳ በሩን ስከፍት ቅርንጫፉ አይታይም። ከአንጓ አንጓ ነጭ በነጭ ሆኗል። ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። ዕድሜው ሁለት ሦስት ቀን ስለሆነ ሥራ እስኪረፍድብኝ ድረስ አነሳሁት። አንዷ ፎቶ ላይ ንብ አበባው ውስጥ አንገቷን ቀብራ የኋላ እግሮቿ ብቻ ይታያሉ። እሷን በጣም ነው የምወዳት።

እናቴ ደስ ይላት ብዬ አሳየኋት። ስልኩን ራቅ አድርጋ አየችው።

«በዝቷል» አለች።

«ይብዛ እንጂ እማዬ!»

«ዋዴሳው ነበር ልክ የሚያስይዘው፣ ልጄ።»

ዋንዛውን ማለቷ ነው። አጥሩ ሥር ነበር፤ አምና ክረምት ሲገባ ጎረቤታችን ቤት ሊሠራበት ቆረጠው። ጥላ ሥር ያለ ቡና በልኩ ያብባል፣ በልኩ ያፈራል። ፀሐይ ላይ ሲቀር ግን አበባውን ያለ ልክ ያበዛዋል። ፍሬው ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፣ የቅርንጫፉ ጫፍ ይደርቃል፤ በዓመቱ የሚሰጠው ያጣል። እኔ «ውይ ሲያምር!» እያልኩ ያነሳሁት ይህንን ነው።

ከዚያ የድሮዎቹን መፈለግ ያዝኩ። የአምናው አለ፣ የካቻምናውም አለ። አበባው ሳሳ ያለ ነው። ቅጠሎቹ ላይ ትናንሽ የብርሃን ነጠብጣቦች አሉ፤ ያኔ ለምን እንደሚያምሩኝ አላውቅም ነበር። ለካ በዋንዛው ቅጠሎች መሃል ሾልኮ የወረደ ብርሃን ነው።

ዛፉ ራሱ ግን የለም። ሁሉንም አየሁ። የቡና፣ የንብ፣ የዝናብ፣ የእንሰት ቅጠል ላይ የቆመ ውሃ እንኳ አለ። ዋንዛው ግን በአንዱም የለም፤ ስንት ዓመት ሥሩ ቆሜ እያነሳሁ፣ አንድ ቀን ቀና ብዬ እሱን አላነሳሁትም። ይህን የምጽፈው የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። እሱም ከዋንዛ የተጠረበ ነው።

ጎረቤታችን ከመቁረጡ በፊት አንስቶት ይሆን? ነገ ልጠይቀው ወይስ ይከፋዋል?