አበባ የሚመስለው ሴል

ዛሬ ጠዋት የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖታል፤ የደሴ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ክፍል ገብቼ ለላቦራቶሪ ተማሪዎቼ የአንድ ደም ሴል ምስል አሳየኋቸው። ኒውክለሱ እንደ አበባ ቅጠል የተከፋፈለ ነው። "መምህር፣ ሲያምር!" አለች ከፊት የተቀመጠችው። ሆዴ ተላወሰ። የአዋቂዎች ቲ-ሴል ሉኪሚያ ነዋ፣ ቲ-ሴል ከተባለው ነጭ የደም ሴል የሚነሳ የደም ካንሰር!

መነሻው ኤችቲኤልቪ-1 የሚባል ቫይረስ ነው። በጡት ወተት፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በደም ይተላለፋል። አብዛኛው ሰው ቫይረሱን ይዞ ሳይታመም ይኖራል፤ ወደ ሉኪሚያ የሚደርሱት ከ100 ሰው 5 ገደማ ናቸው፣ ያውም ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ።

"ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ምን ይጠብቃል?" አለችኝ ያችው ልጅ።

ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ታክስ የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ሴሉን ተባዛ፣ ተባዛ እያለ ይገፋዋል። ሴሉ በተባዛ ቁጥር ግን በራሱ ጂኖች ላይ ስህተት ይጠራቀማል፤ ፒኤልሲጂ1፣ ካርድ11፣ ሲሲአር4 በሚባሉት ጂኖች ላይ። እኔን ሁሌም የሚያስደነግጠኝ፣ ከእነዚህ ለውጦች ብዙዎቹ የሚያርፉት ታክስ ራሱ በሚቀሰቅሰው መስመር ላይ፣ ማለትም ለሴሉ "ተባዛ" የሚል መልእክት በሚያደርሰው ሰንሰለት ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ታክስ ዝም ካለ በኋላም ሴሉ አይቆምም፤ ግፊቱን ከራሱ ጂን ያገኛል።

ማታ ፒያሳ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ይህንን መስመር በወረቀት ላይ ሣልኩላት። ነገ ይዤላት እገባለሁ።