ቅቤው ሳይቀልጥ

እህቴ ጅግጅጋ ወለደች። እማዬ እልልታዋን ሳትጨርስ የገንፎ ዱቄቱን ማሰናዳት ጀመረች። ጭንቋ ግን ለአራሷ አናት የሚሆነው ለጋ ቅቤ ነበር፤ በድሬ ሙቀት ቅቤ እስከ እኩለ ቀን ዘይት ነው።

«በአውሮፕላን ብንሄድስ? ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችኝ።

ስልኬን አወጣሁ። በደጃዝማች ይልማ ስም ከሚጠራው ከእኛ ኤርፖርት በጋራድ ዊልዋል ስም እስከሚጠራው የጅግጅጋው ድረስ ቀጥታው መስመር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአብራሪዎች አቆጣጠር 65 ኖቲካል ማይል። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ለሚበር ባለፕሮፔለር 12 ደቂቃ መሆኑ ነው። አውሮፕላን ግን እንደ ባጃጅ አስነስተውት አይፈተለክም። ያኮበኩባል፣ ሽቅብ ይወጣል፣ ከፍታው ላይ ሳይረጋ ደግሞ መውረድ ይጀምራል። የርቀት ማስያዎቹ ለዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጨምሩበታል። «40 ደቂቃ» አልኳት።

ትኬት ስፈልግ ያገኘሁት በአዲስ አበባ በኩል ነው። ወደ ምዕራብ 343 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ምሥራቅ 454። አፍንጫህን ያዝ ሲባል በማጅራት ዞሮ እንደመያዝ! ሁለቱም በረራ አንድ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ቦሌ መጠበቁ ሳይቆጠር። የገረመኝ ደግሞ፣ ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ በማስመሪያ ብታሰምሩ መስመሩ ሐረርን ታክኮ ነው የሚያልፈው።

«ታዲያ ሐረር ላይ አያወርዱንም?» አለች እማዬ፣ የምሯን። ሐረሬው ራሱ ለመብረር ድሬ ነው የሚወርደው፣ እማ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሚኒባስ ያዝን። በመኪና 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የድንገጎን ጥምዝምዝ ወጥተን ሐረማያ ስንደርስ ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ነውና ነፋሱ ሹራብ አስለበሰን፤ እማዬ ፊቷ ፈካ። አወዳይ ላይ በጫት ገበያው ግርግር የቆምንበት ብቻ ከዚያች 12 ደቂቃ ይበልጣል። ሐረር መኪና ቀየርን፤ እስኪሞላ ጠበቅን። ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዛን፤ ሙቀቱም ተመለሰ። ዳካታ ላይ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተቆለሉትን ድንጋዮች እያየሁ ስደመም፣ እማዬ ዕቃውን ከፀሐይ ለመከለል ነጠላዋን አውልቃ ትጠቀልለዋለች።

ካራማራን ወጥተን ቁልቁል ጅግጅጋ ስትታየን ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ሆኗል። እማዬ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ጠርዙ ብቻ ነው የላላው» አለች።