«ሃዝ» ስል አንቱታውን የነፈግኳቸው ይመስለኝ ነበር

ለገሃር አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ የጻፍኩት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ተመለሰልኝ። በቀይ እስክሪብቶ የተከበበችው አንዲት ቃል ናት፤ «ሃቭ»። ሥራ አስኪያጁ ውሉን ፈርመዋል ለማለት «ዘ ማናጀር ሃቭ ሳይንድ ዘ ኮንትራክት» ብዬ ነበር። ከጎኑ «ሃዝ» ተብሎ ታርሟል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስማር ለኖርኩ ሰው ነገሩ ከባድ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሕጉ ጠፍቶኝ አይደለም። አይ፣ ዩ፣ ዊ፣ ዘይ «ሃቭ» ይወስዳሉ፤ ሂ፣ ሺ፣ ኢት «ሃዝ»። ይህን ገና በልጅነቴ ሸምድጄዋለሁ። ታዲያ እጄ ለምን ሌላ ይጽፋል? ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ መቀመጥ ጀመርኩ። የሰዋስው መጽሐፍ ከመግለጤ በፊት የተመለሱልኝን ደብዳቤዎች ሁሉ ደርድሬ ስህተቶቼን በደብተር ለቀምኩ። ከሁሉም የጠቀመኝ ይኸው ነው፤ ስህተቶቼ ከአማርኛዬ የመጡ መሆናቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ወንድሜ «ፈርሟል»፣ አለቃዬ ግን «ፈርመዋል»። እሳቸው አንድ ሰው ናቸው፤ ግሱ ግን የብዙ ነው። ደብተሬ ላይ አባቴም፣ የንስሐ አባታችንም፣ አለቃዬም በሙሉ «ሃቭ» ተሰጥቷቸዋል፤ ታናሽ ወንድሜ ላይ ግን አንድም ጊዜ አልተሳሳትኩም። «ሃዝ» ብዬ ስጽፍ አንቱታውን የነፈግኳቸው ያህል ይሰማኝ ነበር። እንግሊዝኛ አክብሮትን በግስ አይገልጽም፤ ሽማግሌም ሆነ ሕፃን «ሂ ሃዝ» ነው። ይህን ለራሴ ደጋግሜ መንገር ነበረብኝ።

ቁጥርም አሳስቶኛል። «ሦስት ኮንቴይነር ገብቷል» ብንል ማንም አያርመንም። በእንግሊዝኛ ግን ስሙም ግሱም መብዛት አለባቸው፤ «ስሪ ኮንቴይነርስ ሃቭ አራይቭድ»።

ብዙ ቅዳሜ የፈጀብኝ ግን የረጅም ዓረፍተ ነገር ባለቤት ነው። «የሰነዶቹ ዝርዝር ተልኳል» ስንል ባለቤቱ «ዝርዝር» ነው። በእኛ ቋንቋ የሚገለጸው ስም ከገላጩ በኋላ ስለሚመጣ፣ ለግሱ የሚቀርበው እሱ ነው። እንግሊዝኛ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ «ዘ ሊስት ኦፍ ዶክዩመንትስ»። ባለቤቱ ወደ ፊት ሄዶ ከግሱ አጠገብ የቀረው «ዶክዩመንትስ» ነው። እኔም በለመድኩት መንገድ ቅርቤ ያለውን አይቼ «ሃቭ» እጽፋለሁ። ትክክሉ «ዘ ሊስት ኦፍ ዶክዩመንትስ ሃዝ ቢን ሴንት» ነው። መፍትሔዬ እርሳስ ሆነ፤ ከ«ኦፍ» ጀምሮ እስከ ረዳት ግሱ («ሃቭ» ወይም «ሃዝ») ያለውን እሰርዝና የቀረውን ጮክ ብዬ አነባለሁ። «ዋን ኦፍ ዘ ቦክሰስ ሃዝ» የሚለውም በዚሁ ተስተካከለልኝ። ሁልጊዜ ግን አይሠራም፤ ለምሳሌ «ኤ ናምበር ኦፍ» ሲሆን «ብዙ» ማለት ስለሆነ «ሃቭ» ይከተለዋል፤ «ዘ ናምበር ኦፍ» ሲሆን ግን ቁጥሩ ራሱ ባለቤት ነውና «ሃዝ»።

ፕረዘንት ፐርፌክትን፣ ማለትም «ሃዝ ሳይንድ» ዓይነቱን የግስ ቅርጽ ራሱን ያቀረበልኝ ደግሞ የገዛ ቋንቋችን «አለ» ነው። «ፈርማለች» ማለት «ፈርማ» እና «አለች» ነው፤ «ፈርሜአለሁ» ደግሞ «ፈርሜ» እና «አለሁ»። እኛም ረዳት ግስ አለን፤ ከኋላ ስለተጣበቀ ነው የማናየው። በእነዚህ ሁለቱም ክፍሎች ከባለቤቱ ጋር ተለውጠዋል። በእንግሊዝኛ የሚለወጠው ረዳቱ ብቻ ነው፤ «ሳይንድ» ለማንም ቢሆን «ሳይንድ» ነው። የእኛን ያህል ልዩ ልዩ መልክ ለያዘ ሰው ሁለት ቅርጽ መያዝ እንደማያቅተው ሳስብ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። አሉታው ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። «ገና አልፈረመችም» ስንል የእኛ «አለ» ይጠፋል፤ ስለዚህ «ሺ ዲድንት ሳይን ዬት» ይቀናናል። በተለይ በብሪታንያው እንግሊዝኛ የሚጠበቀው «ሺ ሃዝንት ሳይንድ ዬት» ነው፤ ረዳቱ አይጠፋም።

አንዳንዱን መሸምደድ ብቻ ነው። «ኤቭሪዋን» በእኛ «ሁሉም መጥተዋል» ቢሆንም «ሃዝ» ይወስዳል፤ «ኒውስ» በ«ስ» ቢያልቅም «ሃዝ»፤ «ፒፕል» እና «ፖሊስ» «ሃቭ»። እነዚህን የደብተሬ ሽፋን ውስጥ ጽፌ ደብዳቤ ሳረቅ እከፍታቸዋለሁ።

ጽሑፉ ሲስተካከልልኝ ጆሮዬ ወደ ኋላ ቀረ። ስልክ ላይ የውጭ ደንበኛ «ሺዝ» ሲል «ሺ ኢዝ» ይሁን «ሺ ሃዝ» ቶሎ አይለይልኝም። አሁን የሚቀጥለውን ቃል እጠብቃለሁ፤ «ቢን» ከመጣ «ሃዝ» ነው፣ በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ ከመጣ «ኢዝ»። «ሺዝ ጎን» ሲሉ ግን ሁለቱም ሊሆን ስለሚችል፣ የሰማሁትን እንዳለ በደብተሬ እጽፍና ቅዳሜ አራት ኪሎ ይዤው እሄዳለሁ።