ድሬዳዋ ላይ ጠጠር ቆጥረን፣ በርሜል ከፍተን

ደንገጎን ስትወርድ ጆሮህ ይደፈናል። መታጠፊያውን በታጠፍክ ቁጥር የቁልቢ ብርድ እየለቀቀህ ይሄዳል። መጀመሪያ ጃኬት ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራብ፤ ድሬ ስትገባ ደግሞ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ተለጥፏል። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን አመሻሽ ላይ ነበር የደረስነው። ገና ሻንጣ ሳናወርድ አንድ የባጃጅ ሹፌር "አቦ ግባ፣ የት ላድርስህ?" አለኝ። ድሬ ሰው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አንተ ነው የሚልህ። ደስ ይላል።

የሄድነው ለጤና ፍላጎት ዳሰሳ ነው። ሕዝቡን ምን ያመዋል? ምን ይጎድለዋል? ከየትኛው ይጀመር? ይህን ከመዝገብ፣ ከሰው አፍና በዓይን ከሚታየው አሰባስቦ መጻፍ ነው ሥራው። ድሬዳዋ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከዚራ የሚባለውን ሰፈር፣ የጥላ ዛፎቹን፣ የባቡር ጣቢያውን ነው። አስተዳደሩ ግን ከከተማው ውጭ ከሰላሳ በላይ የገጠር ቀበሌዎች አሉት። አርባ ደቂቃ በመኪና ወጣ ስትል ግመል፣ ማሽላና ድንጋያማ ተራራ ነው። አንድ አስተዳደር፣ ሁለት ዓይነት ኑሮ።

የመጀመሪያው ቀን በቁጥር አለቀ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የድሬዳዋ ሕዝብ 341,834 ነበር፣ ከመቶው 68ቱ የከተማ ነዋሪ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ከዚያ ቆጠራ ተነስቶ የተገመተ ነው። የተገመተው ሕዝብ ከእውነተኛው ሲያንስ የክትባት ሽፋን ከመቶ በመቶ በላይ ወጥቶበት የተቸገረ ባለሙያ የምለው ይገባዋል። ሥራ ፍለጋ መጥቶ መናኸሪያ አካባቢ የሚያድር ወጣት፣ ወደ ጂቡቲ ለመሻገር ሰንብቶ የሚሄደው መንገደኛ፣ እነዚህ ጤና ኤክስቴንሽኖች በሚይዙት የቤተሰብ ማህደር ውስጥ የሉም። ስለዚህ ቁጥሩን ያዝነው፣ ግን አልተማመንበትም።

በሁለተኛው ቀን ወደ ዋሂል በኩል ወጣን። ቋንቋው ኦሮምኛ ስለሆነ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን አስተረጎመችልን። ቀጭን ልጅ ናት፣ ፀሐዩን በሻርፕ ተከልላ ከፊት ከፊት ትራመዳለች። የማንኛውንም ቤት በር ሳታንኳኳ በስም ትጣራለች። ጓደኛዋ ወሊድ ፈቃድ ላይ ስለሆነች የሁለት ሰው ሥራ ብቻዋን ነው የያዘችው።

ሴቶቹን ግራር ሥር ሰበሰብናቸው። ካርቶን ላይ ሥዕል ስለናል፦ ትኩሳት የያዘው ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ ክኒን፣ መንገድ፣ ጀሪካን፣ ሽንት ቤት። ለእያንዳንዷ አሥር አሥር ጠጠር ሰጠን። ይበልጥ ያስቸገራችሁ ላይ ብዙ ጠጠር አስቀምጡ አልን። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው ጥሩ ዘዴ ነው። ዝም የምትለዋም ሴት በጠጠሯ ትናገራለች።

አንዲት ትልቅ እናት ተነሱና አሥሩንም ጀሪካኑ ላይ ዘረገፉት።

ያልገባቸው መሰለኝ። "ማከፋፈል እንደሚችሉ ንገሪያቸው" አልኳት ልጅቷን። ነገረቻቸው። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና ረጋ ብለው መለሱ፤ ልጅቷ እየተከተለች ተረጎመችልኝ። "የልጆቹ ተቅማጥ ከእሱ ነው። የወገቤ ሕመም ከእሱ ነው። የልጅ ልጄ ትምህርት ያቆመችው ከእሱ ነው። የት ላከፋፍለው?"

ታብሌታችን ውስጥ ያለው መጠይቅ ስለ ውሃ የሚጠይቀው መጨረሻ አካባቢ ነበር፣ "የቤት ሁኔታ" በሚለው ክፍል፣ ከጣሪያና ከወለል ዓይነት ጋር። የጤና ችግር በሚለው ዝርዝር ውስጥ የለም። እዚያ በሽታ ብቻ ነው ያለው። እሳቸው ደግሞ የበሽታውን መነሻ ነው የነገሩኝ።

ከሰዓት በኋላ የጎበኘነው ጤና ጣቢያ (ስሙን አልጠራም) ቧንቧው ደርቆ ነበር። የምትወልድ ሴት ስትመጣ የሚያጅቧት ሰዎች ውሃ በጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። አዋላጇ ይህን ስትነግረኝ ድምጿም አልተለወጠም፣ ለምዳዋለች። እኔ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። እናቶች ጤና ተቋም ይውለዱ ብለን ስንት ዓመት ቀስቅሰናል፣ ደርሰው የሚታጠቡበት ከሌለ ግን ምን ብለን ነው የምንጠራቸው?

ከዚያ ወደ ከተማ ተመለስን። ድሬ ላይ ቤት ለቤት የሚሠራው በጠዋት ነው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፣ ጫቱም ይመጣል፣ ሰውም ያርፋል። መጋላና ገንደ ቆሬ አካባቢ በየቤቱ ስንጠይቅ መልሱ ሌላ ሆነ፦ ወባ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ የመድኃኒት ዋጋ። ውሃ ብሎ የጀመረ የለም። ቧንቧ አላቸውና።

ወባ የገጠር በሽታ ነው ሲባል ነው ያደግነው። ዝናቡ ሲያቆም ኩሬ ይቀራል፣ ኩሬው ትንኟን ያራባታል። ድሬ ላይ ግን በ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2022) ወባው የተነሳው በደረቁ ወቅት ነው። ምክንያቷ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ በኩል የመጣች ትንኝ ናት። በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው ጂቡቲ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012። ከአራት ዓመት በኋላ እኛ ጋ ቀብሪ ደሃር ተገኘች። ሰው ባጠራቀመው ንጹህ ውሃ ውስጥ ነው የምትራባው፤ ዝናብ አትጠብቅም። ከዚህ ወባ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2019 ቺኩንጉኒያ የሚባለው ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያመጣ በሽታ ከተማውን ሲያንቀጠቅጠው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታሟል። እሱንና ዴንጊ የሚባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈው ሌላ ትንኝ ናት፤ የምትነክሰው በቀን ስለሆነ አጎበር ብዙም አይመክታትም። መራቢያዋ ግን ያው የተጠራቀመ ውሃ ነው።

አንዲት እናት ቤት ገባን። "ግባ አቦ፣ ደጅ ትቃጠላለህ" አሉኝ። ግቢው ንጹህ ነው፣ ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። ጥግ ላይ ሁለት ሰማያዊ በርሜል፣ አጠገባቸው የጀሪካን ሰልፍ። የአንዱ በርሜል ክዳን የለም፣ አሮጌ አንሶላ ጣል ተደርጎበታል። ልየው ብዬ አስፈቀድኩና አንሶላውን ገልጬ በስልኬ አበራሁበት።

መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ትንሽ ሲቆይ ውሃው ተንቀሳቀሰ። ከጥቁር ክር ቁራጭ የማይበልጡ እጮች ብርሃኑን ሸሽተው እየተጥመለመሉ ወደ ታች ወረዱ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ በአንድ ለአየር ተመለሱ። አንዳንዶቹ ጭንቅላታቸውን ቁልቁል ዘቅዝቀው ተንጠለጠሉ፤ በእንዲህ ያለ በርሜል ውስጥ እነሱ በአብዛኛው የዴንጊና የቺኩንጉኒያዋ ዘር ናቸው። ሌሎቹ የውሃው ፊት ላይ ጋደም አሉ። ጋደም የምትለው የወባዋ ናት። እኚህ እናት ልጃቸው በሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ በወባ ታሞባቸዋል። እሳቸው ግን ትንኟ የምትመጣው ከተማውን ከሚያቋርጠው ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይመስላቸዋል።

እንደተማርኩት መከርኳቸው። በሳምንት አንዴ በርሜሉን ገልብጡት፣ ውስጡን ፈትጋችሁ እጠቡት፣ በደንብ ክደኑት። እጩ ትንኝ እስኪሆን ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት በሳምንት አንዴ ከደፋችሁት አይደርስም አልኳቸው።

በደንብ አዳመጡኝ። ከዚያ "ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ፈረቃው ደግሞ ይዘላል" አሉ። "ዛሬ ደፍቼው ነገ ባይመጣስ? ምን ላጠጣቸው ነው? የሚመጣበትን ቀን ካወቅኩ እኮ ማታውኑ እደፋዋለሁ።"

ምክሬ ውሸት አልነበረም፣ ግን ውሃ በየቀኑ ለሚያገኝ ሰው የተዘጋጀ ነው። ግራሩ ሥር ጠጠራቸውን የዘረገፉት እናትና እኚህ እናት አይተዋወቁም። የአንዷ ውሃ ሩቅ ነው፣ የሌላዋ ውሃ አይታመንም። ገጠርና ከተማን ለየብቻ ጽፈን ቢሆን አንደኛው ላይ ተቅማጥ፣ ሌላው ላይ ወባ አንደኛ ወጥቶ ሪፖርቱ ይጠረዝ ነበር። ውሃው ከሁለቱም ዝርዝር ይወድቃል።

ማታ ሆቴል ተሰብስበን ተከራከርን። አንዱ ጓደኛችን ውሃ የጤና ሴክተር ሥራ አይደለም አለ። ልክ ነው፣ በጀቱ ሌላ ቤት ነው ያለው። እኔ ግን የጠየቅነው ሕዝቡ የሚፈልገውን ከሆነ ሕዝቡ መልሷል፣ በጀቱ የትም ይሁን የት እሱን ነው የምንጽፈው አልኩ። እስከ እኩለ ሌሊት ቆየን። በመጨረሻ ሁለቱን ዝርዝር አንድ አደረግናቸውና ውሃን መጀመሪያ ላይ አስቀመጥነው። ለገጠሩ ቅድሚያ ጤና ጣቢያዎቹ ውሃ ይግባላቸው አልን።

የከተማው ምክረ ሐሳብ ላይ ስንደርስ ረቂቁ "ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማስጨበጥ" ይላል። እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ ከጉዞው በፊት። ሰረዝኩትና በቦታው "የውሃ ፈረቃው ቀን በየሰፈሩ አስቀድሞ ይነገር፣ የተነገረውም ቀን ይከበር" ብዬ አስገባሁ።